ዶክተርዬ እጇን ኪሷ ስትከት

በከሚሴ የዶክተርዬን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ የሚችለው ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዱ ከሆስፒታሉ ማዶ ያለው የመድኃኒት ቤት ሰውዬ ነው። እሱ እንኳ አንዳንዴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ ሲያቅተው «እስቲ ያቺን ልጅ ጥሯት» ይላል። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ!

ዶክተርዬ የግቢያችን ተከራይ ናት። ተመርቃ የመጀመሪያ ምድቧ እዚህ ሆኖ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክማ ነበር። እናቴ አየቻትና «አይ ልጄ፣ ይሄንንስ ለሚበርደው ሰው ስጪው፤ እዚህ የሚያስፈልግሽ ማራገቢያ ነው» ብላ ሳቀችባት። ብርድ ልብሶቹ እስከ ዛሬ መቀመጫ ሆነው ያገለግላሉ።

እኔና እሷ የተዋደድነው በጽሑፍ ነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይሄን ያለው የአማርኛ አስተማሪያችን ነው፣ ያውም ክፍሉ በሙሉ እየሰማ። ስለዚህ ዶክተርዬ ለቢሮ የምትጽፈውን እኔ አሳምሬ እገለብጥላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ታነብልኛለች። የወደደችው ዓረፍተ ነገር ሥር በእርሳስ ታሰምርበታለች። መጀመሪያ ሰሞን በገጽ አንድ መስመር ነበር፣ እሱም ከተገኘ። አንድ ቀን ግን አንድ ገጽ ላይ ስድስት ቆጠርኩ። ስድስት! ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ሳልጠራ ለእናቴ ውኃ ቀዳሁላት።

እናቴ ደግሞ ተከራይ የሚባል ነገር አታውቅም። ግቢዋ ያደረ ሁሉ ልጇ ነው። «ይቺ ልጅ በውጭ ምግብ ሆዷ ይበላሻል» ብላ ስለወሰነች ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ምሳዋን በሳህን ይዤ ሆስፒታል መሄድ የኔ ሥራ ሆነ። ድንገተኛ ክፍሉን ያወቅሁት እንደዚያ ነው።

በሆስፒታሉ ውስጥ ትልቁ ዶክተር የምንላቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም አሉ። ለአዲሶቹ ሐኪሞች አንድ ሕግ አላቸው፦ እያንዳንዱ በተራው ሦስት ሳምንት ድንገተኛ ክፍሉን ይመራል። የትኛው በሽተኛ እንደሚቀድም፣ ማን የት እንደሚቆም የሚወስነው ተረኛው መሪ ነው፤ ነርሶቹም ቃሬዛ ገፊዎቹም በሱ ይታዘዛሉ። «ማከሙንማ ተምራችሁ መጥታችኋል» ይሏቸዋል አሉ። «ሰው መምራቱን ግን ማንም አላስተማራችሁም። እኔ የተማርኩት አርባ ከሞላኝ በኋላ ነው፤ እናንተ እስከዚያ አትቆዩ።»

የዶክተርዬ ተራ ሲደርስ ደግሞ ትልቁ ዶክተር ለአንድ ወር ከከሚሴ ሊወጡ ነበር። ክፍሉን ለሷ ትተው ይሂዱ ወይስ ይቅሩ የሚወስኑት ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ ነው።

ምሳ ይዤ ስገባ የማየው ነገር መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ቃሬዛውን የምትገፋው ዶክተርዬ ናት። የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ተሸክማ የምትሮጠው ዶክተርዬ ናት። ደም ይዛ ወደ ላብራቶሪ የምትበረውም እሷው ናት። ቃሬዛ ገፊው ግድግዳ ተደግፎ «ዶክተር፣ እኔ ልግፋው እንዴ?» ሲላት «ግድ የለም፣ ደረስኩ» ትለዋለች። ትልቋ ሲስተር ደግሞ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያ ክፍል የሠሩ፣ ድምፃቸው ከግቢው በር የሚሰማ ነርስ ናቸው፤ ያኔ ግን ጥፍራቸውን ያዩ ነበር።

ትልቁ ዶክተርስ? መስኮቱ ጋ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያያሉ። ዝም ብለው! አንዲት እርምጃ አይራመዱላትም። እኔ በልቤ «እኚህ ሰውዬ ሰነፍ ናቸው» ብዬ ፈረድኩባቸው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አንድ ሐሙስ ዶክተርዬ ሳህኑን ስትቀበለኝ ትልቁ ዶክተር ወደ እኛ መጡና «ዶክተር፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው ይሠራል?» አሏት።

«ዘጠኝ» አለች።

«እኔ የማየው አንድ ነው» አሉና ሄዱ።

ዶክተርዬ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ማታ ወደ በረንዳችን መጣችና በእጇ የተጻፈ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። «አሳምረሽ ገልብጪልኝ። ለሰኞ» አለች። ማመልከቻ ነው። ከመሪነት ተራው እንዲያነሷት፣ ቢቻል ወደ ቤተሰቧ አካባቢ እንዲያዛውሯት ትጠይቃለች። መካከሉ ላይ «ሰው የማዘዝ ተሰጥኦ ስለሌለኝ» የሚል አለበት።

«እውነትሽን ነው?» አልኳት።

«ትልቋ ሲስተር የእናቴ እኩያ ናቸው። እንዴት ብዬ ነው ‹ይሄን ያምጡ› የምላቸው? አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል። ከዚያ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ልትሄድ ነው! ባለ ስድስት መስመሯ ዶክተርዬ! «እስክሪብቶዬ አልቋል» አልኳት። አላለቀም ነበር። እንዲያውም በእጄ ይዤው ነበር፤ ዶክተርዬ ግን ወረቀቱን እንጂ እጄን አላየችም።

በማግስቱ አልፎ ቅዳሜ ከጎረቤታችን ቤት ኒካህ ነበር። በኛ ዘንድ ሠርግም ሆነ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ድስቱን የሚጥደው ቅሬ ነው፤ ሰፈሩ ለክፉም ለደጉም የታሰረበት ማኅበር። የሴቶቹ ቅሬ ዳኛ ደግሞ እናቴ ናት። ዶክተርዬ ዕረፍት ስለነበረች «እኔም ልርዳ» ብላ መጣች። እናቴ «መርሃባ!» ብላ የክርስቲያን እንግዶቹን ድስት ሰጠቻት። እሱ ሁልጊዜ ለብቻው ነው የሚሠራው። ሦስት ሴቶችም መደበችላት።

ዶክተርዬ ምን አደረገች? ሽንኩርቱን ራሷ ከተፈች። ውኃውን ራሷ አመጣች። ማማሰያውንም ራሷ ያዘች፤ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት። ሦስቱ ሴቶች ድንጋይ ላይ ተደርድረው ያዩዋታል። ከሦስቱ አንዷ በሰፈራችን በማማረር የታወቀች ናት። «ኸረ እቺ ልጅ!» ብላ ጮኸች። «ሦስታችንንም አስተኛችን እኮ! የሆስፒታል አልጋ መሰላት እንዴ ድንጋዩ?» ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዶክተርዬ ፊቷ ከበርበሬው ብሶ ቀላ።

እናቴ ከበርጩማዋ ላይ ሳትነሳ «አንቺ፣ የኔ አበባ» አለቻት አማራሪዋን። «ጨው እንዳንቺ የሚያውቅ የለም። ማማሰያውን ተቀበያት።» ሴትዮዋ ተነሣች፣ ማማሰያውን ያዘች፣ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም። እናቴ ወደ ዶክተርዬ ጠጋ ብላ «የምታማርር ሴት ሥራ ያጣች ሴት ናት» አለቻትና ፊቷን ወደ ሌላው ድስት መለሰች። «ኮቱ፣ ኮቱ፣ አንቺ ነይ ወዲህ፣ እሳቱ ሸሽቶብሻል…»

ያኔ ነው እኔ ጠቢብ የሆንኩት። ዶክተርዬን ወደ ጎን ሳብኳትና «የእናቴን ምስጢር ልንገርሽ? እጇን እይው» አልኳት። እናቴ አርባ ሴት መካከል ተቀምጣ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ አስራዋለች። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። «እጅ ነጻ ከሆነ ማንኪያ ይይዛል፤ ማንኪያ የያዘ ሰው ድስቱን እንጂ ሰዉን አያይም» ትላለች።

ዶክተርዬ ብዙ አየቻት። ከዚያ «እኔ ነጠላ የለኝም» አለች።

«ጋውንሽ ኪስ የለውም እንዴ?»

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ! ለሐኪም መድኃኒት አዘዝኩ! «እሺ፣ ማመልከቻው ይቆየኝ፣ እስቲ ሰኞን ልሞክረው» ስትለኝ ክንፍ አውጥቼ ልበር ምንም አልቀረኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ትልቋ ሲስተር ቤታችን መጡ። ከእናቴ ጋር የቅሬ ጓደኛሞች ናቸው። እኔ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ።

«ያቺ ተከራይሽ ምን ነክቷታል?» ሲሉ ሰማኋቸው። «እስከ ዓርብ እንደ ጉንዳን ስትሮጥ የከረመች ልጅ፣ ሰኞ እጇን ኪሷ ከታ መጣች! ማዶ ቆማ ‹ሲስተር፣ ያንን ያምጡልኝ› ትለኛለች! ወላሂ፣ የአባቷ ግቢ መሰላት። ዛሬ እኛም ሁላችን እጃችንን ኪሳችን ከተትን።»

«ምን አደረጋችሁ?» አለች እናቴ።

«ከተትን! ከኔ እስከ ቃሬዛ ገፊው። ልጅቷ ብታይ እጇን አወጣችና እንደ ድሮዋ ብቻዋን ስትሮጥ ዋለች። በሽተኛው ራሱ እጁን ሊከት ምንም አልቀረው።»

ትልቋ ሲስተር ከሄዱ በኋላ እናቴ ሳትጮህ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «ነይ ወዲህ አንቺ» አለችኝ። እናቴ ስትቆጣ ነው የምትለሰልሰው። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ነጠላውን፣ ኪሱን፣ ምስጢሩን። ስጨርስ እናቴ ሻሿ እስኪወድቅ ሳቀች።

«አንቺ እንቅልፋም! ኒካሁ ዕለት ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ የት ነበርሽ?»

«ተኝቼ።»

«እኔ ደግሞ ድስት ውስጥ ነበርኩ። ያ ትልቁ፣ ጥላሸታሙ የቅሬው ድስት፣ ካለፈው ሐዘን ጀምሮ ማንም አልነካውም ነበር። ሁሉም ይሸሸዋል። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሲመጡ እስከ ክንዴ ጠቁሬ አገኙኝ። ከዚያ ታጠብኩ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ የከተትኩት ከዚያ በኋላ ነው።» ሻሿን እያሰረች ጨመረችበት፦ «ድስት ሳያጥብ የታሰረ እጅማ ኩራት ነው፣ ልጄ።»

ለካ እኔ የነገርኳት ግማሹን ነው! ሌላው ግማሽ እኔ ተኝቼ ነው ያለፈኝ።

ማምሻውን ዶክተርዬ ብርድ ልብሶቿ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ገና አፌን ሳልከፍት ከጋውኗ ኪስ አንድ አዲስ እስክሪብቶ አወጣችና ሰጠችኝ። «አሁን ምክንያት የለሽም። ገልብጪው» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። «የኔ ጥፋት ነው፣ ድስቱን አልነገርኩሽም» አልኳት። «የምን ድስት?» አለች። አፍንጫዬን እየጠራረግሁ ነገርኳት።

ዶክተርዬ ለራሷ እንደምታወራ «ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ጥላሸታሙ ድስት የቱ ነው?» አለች። ትንሽ ቆይታ «ባልዲዎቹ» ብላ ፈገግ አለች። «ለእሁድ አድርጊልኝ ማመልከቻውን። እሁድ ተራዬ ያልቃል።»

ባልዲዎቹ በሽተኛ የሚያስመልስባቸው ናቸው። ጧት ጧት የምታጥባቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻዋን ነበረች፤ ሌላው ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል። ረቡዕ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ዶክተርዬ እጅጌዋን ሰብስባ ከሴትዮዋ ጎን ቆመች። ትልቋ ሲስተር ሲገቡ እዚያው አገኟት። የተባባሉትን ዶክተርዬ ነግራኛለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ባልዲ እያጠብኩ።»

«ይሄ የሐኪም ሥራ ነው?»

«የማን ነው?»

ትልቋ ሲስተር ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። ዶክተርዬ ባልዲውን አስቀምጣ «ሲስተር፣ አንድ ነገር ያስተምሩኝ» አለቻቸው። «ብዙ ሰው በአንዴ ሲመጣ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ማን እንደሚቀድም በዓይን ይለያሉ ይባላል። እኔ አልችልበትም። በሩን ይያዙልኝ።»

ትልቋ ሲስተር አዩአት፣ አዩአት፣ ከዚያ ባልዲውን ከፊቷ አነሡ። «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አሏት።

ከዚያ በኋላ ሐሙስም፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም ምሳ ይዤ ስሄድ አይቻለሁ፤ ጥፍሩን የሚያይ ሰው አልነበረም። ዶክተርዬ ጧት ባልዲ ታጥባለች፣ ከዚያ እጇን ኪሷ ትከታለች። አሁን ግን የተቀየመ ሰው አልነበረም።

እሁድ መጣ። እሁድ በአጠገባችን ባለችው በሰንበቴ ከተማ ገበያ ነው። ሳህኔን ይዤ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ አንድ አይሱዙ መኪና ከገበያ ሲመለስ ቦይ ውስጥ ጎኑ ላይ ተኝቷል ተባለ። ወዲያው ባጃጅ በባጃጅ ላይ ሆነ። ሃያ የሚሆን ሰው፣ ያውም ከነፍየሉ! አንድ ሰውዬ ግንባሩ እየደማ የፍየሉን ገመድ አልለቅም ብሎ ይዞት ገባ። አልሃምዱሊላህ የሞተ ሰው የለም፤ ፍየሎቹም ደህና ነበሩ፣ የሆስፒታሉን አበባ ነው የጎዱት።

ትልቋ ሲስተር በሩ ላይ ናቸው። «አንተ በእግርህ ነህ፣ ወንበር! ይቺ ወደ ውስጥ! አንተ፣ ፍየሉን ውጭ እሰር፤ ካርድ የለውም!» ዶክተርዬ ክፍሉ መሐል ቆማለች። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። አትጮህም። «እርስዎ ግሉኮሱን። አንተ ቃሬዛውን ወደ ራጅ። አንቺ የእሳቸውን ግፊት እያየሽ ጥሪልኝ።» ቀኝ እጇ ሁለት ጊዜ ከኪሷ ወጣ ሲል፣ ሁለት ጊዜ ሲመለስ አይቻለሁ።

ድንገት ዓይኗ እኔ ላይ ዐረፈ። «አንቺ! ሳህኑን አስቀምጪና እማማ ጋ ቁጭ በይ። ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፣ የሚሉትን ንገሪኝ።»

እኔን! ጥጉ ላይ የተቀመጡት አሮጊት ጋ ሄጄ «አካም ጅርታን፣ እማማ?» አልኳቸው። «ሉኩን ኮ ኤሳ?» አሉኝ። «ዶክተር! ዶሮዬ የት ሄደች ነው የሚሉት!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ ሳቀ፤ የተሰበረው ሁሉ ሳይቀር። ዶሮዋን ባጃጁ ውስጥ አገኘንላቸው። እቅፋቸው ስትገባ ነው ቀስ ብለው «ሃርኪ ኮ ና ዱኩባ» ያሉኝ። «ዶክተር፣ እጃቸውን ያማቸዋል!» አልኩ፤ አንዷ ነርስ ወዲያው መጣች።

ያኔ ነው አንድ ወፍራም ሰውዬ መተንፈስ ያቃተው። ከንፈሩ ጠቆረ። የዶክተርዬ ሁለት እጆች ከኪሷ ወጡ፤ በዚህ ጊዜ አልተመለሱም። ሰውዬው ላይ ጎንበስ ስትል ክፍሉ ያለ መሪ ቀረ ብዬ ፈራሁ። ግን ትልቋ ሲስተር ማንም ሳይነግራቸው በሩን ለሌላ ነርስ ለቀው ዶክተርዬ የቆመችበት ቦታ ላይ መጥተው ቆሙ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ቃሬዛው፣ ወዲህ! ኦክስጅኑን ለዶክተር!» አሉ፤ ሥራው አንዲት ደቂቃ አልቆመም።

መስኮቱ ጋ ትልቁ ዶክተር ነበሩ። እጃቸው ወደ ኋላ ተጣምሯል። እኔ አሮጊቷ ጋ ስለተቀመጥኩ ከጀርባቸው ነው የማያቸው፤ ጣቶቻቸው እርስ በርስ ተናንቀው፣ ከመጨበጥ ብዛት ነጭ ሆነዋል። ሰነፍ ያልኳቸው ሰው! ለካ እሳቸውም እጃቸውን አስረው ነው የከረሙት።

ሰውዬው ትንፋሹ ተመለሰ። ዶክተርዬም ቀና ስትል ቦታዋ ተይዞ አገኘች። ሁለቱ ተያዩ፤ ትልቋ ሲስተር «ተመለሺ፣ ቦታሽ ነው» ብለዋት ወደ በራቸው ሄዱ።

ሁሉም ነገር ከተረጋጋ በኋላ ትልቁ ዶክተር መጡ። «ዶክተር፣ ዛሬ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ሠራ?»

ዶክተርዬ ክፍሉን ዞር ብላ አየች። መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ። «አሥር» አለች።

«እኔም አሥር ነው የቆጠርኩት» አሉ። «እንግዲያው ማክሰኞ እሄዳለሁ። አትደውዪልኝም፤ አልደውልልሽም።»

ምሳው ቀዝቅዞ ነበር፤ ዶክተርዬና ትልቋ ሲስተር ከአንድ ሳህን በሉት።

ማታ በረንዳችን ላይ ዶክተርዬ «ማመልከቻዬስ? ገለበጥሽው?» አለችኝ። ከደብተሬ ውስጥ አውጥቼ ሰጠኋት። አንዲት ፊደል አልገለበጥኩም ነበር። «እስክሪብቶዬ ያኔም አላለቀም» ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋችና ግንባሯን ቋጠረች። «ይሄ ምን ይላል?»

የራሷን ጽሑፍ ማንበብ አቃታት! «‹ሰው የማዘዝ ተሰጥኦ ስለሌለኝ› ይላል» አልኳት።

«ውሸት ነው» አለችና አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ጻፊበት።»

ይሄን ጽሑፍ የጀመርኩት እዚያ ጀርባ ላይ ነው፤ ሳይበቃኝ ቀርቶ ወደ ደብተሬ ተሻገርኩ እንጂ። ዶክተርዬ እስካሁን ያለውን አንብባለች። ስንት መስመር እንዳሰመረች አልናገርም፣ ኮራች ትሉኛላችሁ።

በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ሰፈራችን ሌላ ሠርግ አለ። ጥላሸታሙን ድስት የማጥበው እኔ ነኝ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እነሣለሁ ብያለሁ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች «ኢንሻአላህ፣ እናያለን» ብላ ሳቀችብኝ።